ለሦስት የተከፈለ ሰዓት

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። የእሷ ስም የወጣው ግን ከኮምፒውተር ነው። ፋብሪካው የሠራተኛውን ሰዓት በኮምፒውተር መቁጠር በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሳጥን የበር እጀታ ሞርዳ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ እንደሚበቃት ታትሞ ወጣ። ሃያ እጀታ በሃያ ደቂቃ! ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መብረቅ ተባለች።

መብረቅ እንግዲህ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ "እግሬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል" ትላለች። ባለፈው ዓመት በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች ተቀንሰው፣ አምስት ጓደኞቿ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሲወጡ፣ እሷን ያተረፋት ያ ቁጥር ነው። ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቃ አታውቅም። በጎ ነገር ደጃፍ ድረስ ሲመጣ ማን መታወቂያ ይጠይቃል?

ሥራዋ ሦስት ነው። ጠዋት ስትገባ ባጇን ስክሪኑ ላይ ሦስት ጊዜ ታስነካለች፤ አንዴ ለምድጃው፣ አንዴ ለከበሮው፣ አንዴ ለሞረዱ። ምድጃው ቀለም የተቀቡ ብረቶችን ያደርቃል፤ በየሰዓቱ ሲያፏጭ ሄዳ ትሪውን ቀይራ ቁልፉን ትጫናለች። ከበሮ የሚሉት ተሽከርካሪ በርሜል ብሎን እያንከባለለ ሲያለሰልስ ይውላል፤ ጠዋት ትሞላዋለች፣ ከሰዓት ትገለብጠዋለች። እጀታው ግን ሰው ይፈልጋል። ከቅርጽ ማውጫው የወጣ ነሐስ ጠርዙ ምላጭ ነው፤ አንገቱ ላይ ሞረዱ ትንሽ ከተንሸራተተ እጀታው አለቀለት።

ከሁለት ወር በፊት አንድ አዲስ ሰው አጠገቧ መጣ። አርባ አምስት ይሆነዋል፤ የድሮ ፋብሪካው የተዘጋበት የሦስት ልጆች አባት ነው። ለእሱ የተሰጠው ሞረድ ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። ሰኞ ጠዋት አለቃው፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ጎልማሳ፣ ወረቀት ይዞ ወደ እሷ መጣ።

"እትዬ፣ ቸገረኝ። ይሄ ሰውዬ አንድ ሳጥን በስልሳ ደቂቃ ነው የሚጨርሰው፤ እርስዎ በሃያ። የሥራው ልክ ይሄ ነው ብዬ ለበላይ የላክሁት ደግሞ የእርስዎን ነው። እስቲ አጠገቡ ቁጭ ብለው ዘዴውን ያሳዩት። ካልሆነ ዓርብ ማሰናበቴ ነው።"

ቁጭ አለች። የሰውዬውን እጅ አየች። አይጣደፍም፣ አይዘገይም፤ እጀታውን አገላብጦ አንገቱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል። እውነቱን ለመናገር ከእሷ እጅ የእሱ ይሻላል።

"ዘዴው ምንድን ነው እትዬ?" አላት ቀና ብሎ።

አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። "ሞረዱን ዝቅ አድርገህ ያዝ" አለችው፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ሰውዬው የመጨረሻውን እጀታ ሳጥኑ ውስጥ ሲያስቀምጥ ምድጃው አፏጨ።

ያኔ ነው ልብ ያለችው። እሷም ሁልጊዜ ሳጥኗን የምትጨርሰው ከፉጨቱ ጋር ወይም ትንሽ ዘግይታ ነው። አንድ ፉጨት፣ አንድ ሳጥን። ፉጨቱ ደግሞ በየሰዓቱ ነው። ታዲያ ሃያው ከየት መጣ?

ሄዳ ስክሪኑን አየችው። በስሟ ሥር ሦስት ሥራ ተከፍቷል፤ ሦስቱም እኩል ይቆጥራሉ። ኮምፒውተሩ እንደ ዳቦ ሰዓቷን ለሦስት እኩል ይቆርሳል፤ ለምድጃው ሃያ፣ ለከበሮው ሃያ፣ ለእጀታው ሃያ። ከበሮው ብቻውን እንደሚዞር ማን ይንገረው? እሷ መብረቅ ሆና አታውቅም።

ማታ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ለባሏ ነገረችው። እሱም ከዚያው ፋብሪካ ወገቡን ይዞ የወጣ ሰው ነው።

"ሆድ ይፍጀው በይ" አላት። "ዝም አይነቅዝም። ሁለት ዓመት እኮ ነው የቀረሽ።"

"ሰውዬውስ?"

"እሱን አንቺ አልቀጠርሽው።"

ማክሰኞ ዝም አለች። ረቡዕም ዝም አለች፤ ዝምታው ከሦስቱ ሥራ በላይ አደከማት። ሰውዬው ሞረዱን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ በእሷ ምክር አንድ እጀታ አበላሸ።

ሐሙስ ጠዋት ባጇን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሞረዱ አስነካች።

አለቃው እየሮጠ መጣ። "እትዬ! ምድጃው ቆሟል እኮ!"

"ቆሟል። ዛሬ ሰው የለውም።"

ሳጥኑ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ስልሳ ሦስት ደቂቃ በቀይ ወጣ። አለቃው ቁጥሩን አየ፣ እሷን አየ።

"አሞዎታል እንዴ?"

"አላመመኝም። ድሮም ይኸው ነኝ። ሦስት ሥራ ስከፍት መሣሪያህ ሰዓቴን ለሦስት ይከፍለዋል። ምድጃው ጋ ብቆም ሁለት ደቂቃ ነው፤ የቀረው በሙሉ እዚሁ ነው የሚያልቀው።"

በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ሃያውን ለበላይ የላከው እሱ ነዋ።

"ይሄን ካስተካከልኩ የእርስዎ ቁጥር ስልሳ ሦስት ነው የሚሆነው" አለ ቀስ ብሎ። "የዘንድሮው ቅነሳ ዝርዝር ገና አልወጣም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ዝም ቢሉስ?"

"ሰውዬው ዘዴውን ጠየቀኝ። ዘዴ የለኝም።"

ዓርብ ኮምፒውተሩ ተስተካክሎ የሥራው ልክ በሰውዬው ቁጥር ስልሳ ደቂቃ ሆነ፤ ለአዲሱ ሰውም ሥራው ጸናለት። የግድግዳው ወረቀት ተነሳ። ቀይ ቁጥር የቀረው በእሷ ስም ላይ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ በወሩ መጨረሻ ይወጣል። ፈርታለች። ባሏ ከትናንት ጀምሮ አኩርፏታል፤ ለእሱም አዝናለች።

ከሰዓት ክንዷ ዝሎ ለአፍታ ስታርፍ፣ ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ከሳጥኗ አራት እጀታ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ወሰደ። ነገሩን ሰምቷል ማለት ነው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ላግዝዎት እትዬ። በየሳጥኑ አራት አራት ባነሳልዎት ከስልሳ በታች ይወርዳል። ማንም አያይም።"

ክንዷ እሺ በይው አላት። ሁለት ዓመት፣ በየሳጥኑ አራት አራት እያለ፣ ሊያልፍ ይችል ነበር። ከዚያ እጇን ሰዳ እጀታዎቹን አንድ በአንድ መለሰቻቸው።

"ተው ወንድምዬ። ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ልፍጠን?"

ስክሪኑ አርባ አንድ ደቂቃ ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ሰባት እጀታ ቀርቷል። ሞረዷን አነሳች።