ፈቃድ ሊታደስለት የቀረበ ፈረስ

«አንዴ ድገመው» አሉ ጋሪና ፈረስ የሚመረምሩት ሹም አቶ አየነው።

አስማረ ልጓሙን ይዞ ዳማ ፈረሱን በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ እንደገና አዞረው። ፈረሱ የግራ የኋላ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ቶሎ ያነሳዋል። ሰው አፉን ቢዘጋም ፈረሱ ያሳጣዋል፤ ዳንግላ ላይ ደግሞ ፈረስ የማያውቅ ሹም አይገኝም።

የአስማረ የጋሪ መንጃ ፈቃድ ዛሬ ያበቃል። ለማሳደስ ነጂውም፣ ጋሪውም፣ ፈረሱም ይታያሉ። ጎማው፣ ፋኖሱና ደወሉ አልፈዋል፤ የቀረው ፈረሱ ነው። ዛሬ ማህተም ካላገኘ የጥር ሠርግ ሥራ ሊያመልጠው ነው። በጥር የሠራ ባለጋሪ ልጆቹን እስከ ፋሲካ ይቀልባል፤ የአስማረ ልጆች ደግሞ አራት ናቸው።

ጸሐፊው ሲጠራቸው አቶ አየነው ወደ ውስጥ ገቡ። ተራውን የሚጠብቀው ባለጋሪ አድማሴ ጠጋ አለ።

«ምነው አፍህን ዘጋህ? ንገራቸው እንጂ! ፈረሱ የተጎዳው በአባታቸው ለቅሶ አይደለም እንዴ?»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል።»

«ይስሙ! ለቅሶ ብድር ነው። እሳቸውም ይክፈሉ።»

«የለቅሶ ብድር በለቅሶ ይመለሳል እንጂ በማህተም አይመለስም።»

«ይሉኝታ ልጅ አያበላም፣ አስማረ!»

አድማሴ ያለው እውነት ነው። የአቶ አየነው አባት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሲቀበሩ ያገሩ ፈረሰኛ ሁሉ በለቅሶው ሜዳ ሲጋልብ የጋሪ ፈረስ ይዞ የሄደው አስማረ ብቻ ነበር። አንዳንዶቹ ሳቁበት። እሱ ግን ጋለበ። ሽማግሌው በልጅነቱ ኮርቻ ላይ ያወጡት፣ ሲወድቅም «ተነስ፣ ፈረሱ አልተቀየመህም» ያሉት ሰው ነበሩ። እንዴት በእግሩ ቆሞ ያልቅሳቸው? ጋሪ የለመደው ፈረስ ግን ቁልቁለቱ ላይ እግሩ ዞረበት። ሐዘንተኛው አቶ አየነው ይህን አላዩም።

አሁን ከል እንደለበሱ ተመልሰው ከፈረሱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። በአገውኛ እያባበሉ እግሩን ከጉልበቱ እስከ ኮቴው ዳሰሱት። እጃቸው የአባታቸው እጅ ነው።

«ፈረስህን እንደማትበድል አውቃለሁ» አሉ። «ደንቡ ሁለት ሳምንት ይቆይ ይላል። ግን ምክንያት ካለህ ንገረኝ። እኔም ሰው ነኝ፤ ዛሬውኑ ልፈርምልህ እችላለሁ። ምን አገኘው?»

አድማሴ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

አስማረ አፉን ከፈተ። የልጆቹ ፊት በዓይኑ መጣበት። እውነቱን ቢናገር ማህተሙ ዛሬ ያርፋል፤ አቶ አየነው ግን የአባታቸውን ለቅሶ ባሰቡ ቁጥር ይህ የሚያነክስ እግር ይታሰባቸዋል። ሽማግሌውንም ለማህተም ያለቀሳቸው ይመስላል።

«ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «የመንገድ ድንጋይ ነው።»

አቶ አየነው የፈቃዱን ወረቀት ሳይፈርሙበት አጥፈው «በሁለት ሳምንት አምጣው» አሉት። አስማረ ጋሪውን እዚያው ግቢው ውስጥ ትቶ ፈረሱን ቀስ እያለ እየሳበ ወደ ቤቱ ሄደ።