እስከ ዘጠኝ ሰዓት

አዜብ ለድባቴ ሕመሟ ማደንዘዣ እየተሰጣት ለሚደረገው የኤሌክትሪክ ሕክምና ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ አምስት ይቀራታል። ከዚያ በፊት አራት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ በየጠዋቱ የምታነበው የዝናብ መለኪያም ሰው አጥቶ ከርሟል። አሁን ፀጉሯን ራሷ ታበጥራለች። ከሕክምናው በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት ግን አላስቀምጥ አላት። በሦስተኛው ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ራሷን ሲፈልጣት ዋለ።

"ከእንግዲህ አልሄድም" አለችው ባሏን አዳሙን።

"አራት ወር ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ከረምሽ። ወደዚያው ልትመለሺ ነው?"

አልጋውን አየችው፤ ፈራችው። ደብተሯን አወጣች። የዘነጋችውን ከአዳሙ እየጠየቀች ጻፈች። በመጀመሪያው ዕለት ራስ ምታቱ ለሁለት ሰዓት ቆየ፤ በሁለተኛው ለአሥር፤ በሦስተኛው ለአሥራ አንድ። ሐኪሙ ያው፣ ማደንዘዣውም ያው።

"የመጀመሪያው ዕለት ምን በላሁ?"

"ቅበላ አልነበር? ጥብሱን ለብቻሽ ጨርሰሽ እኔን አጥንት አስቆረጠምሽኝ!"

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቁ። ለማደንዘዣው ሲባል ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አትቀምስም፤ ከሕክምናው በኋላ ደግሞ ለጾሙ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ነርሷ ፅጌ የሰጠቻት የራስ ምታት ክኒን በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ይውላል። "ዋጥሽው?" ስትባል "አዎ" ብላለች።

ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደማርያም ደውላ ሁሉንም ተናዘዘች።

"ጾመሽ መዋሸት! ከጥብሱ ይብሳል" ብለው ሳቁ። "ልጄ፣ የታመመ ሰው ዘጠኝ ሰዓትን አይጠብቅም። እኔስ ለስኳሬ በጠዋት ስቀምስ አላየሽኝም? ቅመሺ፤ ክኒንሽንም ዋጪ።"

"ሰው ቢያየኝስ?"

"ወደ እኔ ላኪልኝ።"

በአራተኛው ዕለት እውነቱን ለፅጌ ነገረቻት። "አንቺ ደረቅ!" አለች ፅጌ። ከሕክምናው በኋላ በደንብ እስክትነቃ ጠብቃ ውኃ አጠጣቻት፤ ዳቦ በሽሮ አቀመሰቻትና ክኒኑን ዓይኗ እያየ አስዋጠቻት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ራስ ምታቱ ለቀቃት።

የቀሩትንም አልዘለለችም። በስምንተኛው ዕለት ራስ ምታቱ አርባ ደቂቃ ቆየ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ዘንድ ቆማ ሌሊት የጣለውን ዝናብ አነበበች፤ አራት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር።