የታኪያ ሁለት ደቂቃ

መምህርቷ ማማ ቨርሊን እጆቿን ጉልበቷ መሀል ወትፋ ተቀምጣለች። አፍሪካን ማዕከል አድርጎ የሚያስተምረው ትምህርት ቤታቸው ይዘጋ ወይስ ይቆይ የሚለውን የትምህርት ቦርዱ ዛሬ ይወስናል። መምህር መናገር አይፈቀድለትም። ስለዚህ የዕድሜዋ ልፋት በሙሉ በተማሪዋ በታኪያ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ የተሰጣት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከታኪያ ቀጥሎ ተራው የሚስተር ኦርቪል ነው። ሽማግሌው በየስብሰባው እየመጡ፣ "እኛ ከነጭ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ለመቀመጥ ተደብድበናል፤ እናንተ መልሳችሁ ጥቁር ልጆችን ለብቻ ታጉራላችሁ!" ሲሉ በዲትሮይት ያልሰማቸው የለም።

ታኪያ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ፤ እሷ ግን አዳራሹን ታማትራለች። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ለቨርሊን ገባት። ሕዝብ ፊት ከመናገራቸው በፊት በቦታው ካለ ታላቅ ሰው ፈቃድ እንዲጠይቁ ልጆቹን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። እዚህ ይቅርብሽ ማለቱን ግን ረስታዋለች!

"ባባ፣" አለች ታኪያ በትምህርት ቤቷ የታላላቆች አጠራር፣ ሚስተር ኦርቪልን እያየች፣ "እንድናገር ይፈቅዱልኛል?"

"የኔ ልጅ፣ ጊዜሽ እየሄደ ነው። እኔ ፈቅጄልሻለሁ" አለች የቦርዱ ሰብሳቢ።

"አመሰግናለሁ። ግን እሳቸው በዕድሜ ይበልጡዎታል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን ልጅቷን ብቻ ያያሉ፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ቨርሊን አላስችል አላትና ብድግ አለች።

"ተዪው ታኪያ! በናትሽ ዝም ብለሽ ተናገሪ!"

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት። ቨርሊንን በጥፊ ብትላት ይሻል ነበር። ወዲያው ደወሉ ጮኸ።

"ጊዜሽ አልቋል" አለች ሰብሳቢዋ።

ሚስተር ኦርቪል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ይዘጋ ባይ ነኝ። ግን ስንት ዓመት እዚህ ስመላለስ ከሰው ቆጥሮ ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። የእኔን ደቂቃ ለእሷ ስጧት። በይ ተናገሪ፣ የኔ እናት።"

ታኪያ ሳትንተባተብ ተናገረች። ትምህርት ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተረፈ። ወላጆች እየጮኹ ሲተቃቀፉ ልጅቷ ወደ ቨርሊን መጣች።

"ማማ፣ ለምን ጮኹብኝ?"

ቨርሊን ጎንበስ አለችላት።

"ፈርቼ ነው።"

"እኔም እኮ ፈርቼ ነበር" አለች ታኪያ።