የባንቲሁን ብልጠት

ባንቲሁን ቤዝ ጊታሩን ለሙያ ጓደኛው ለጉዲና ሲሸጥለት በሆዱ ስቆ ነበር። ድምፁ የታፈነ፣ አንገቱ የወፈረ አሮጌ ነው ብሎ ነዋ። በማግስቱ ወደብ ወርዶ ከአንድ መርከበኛ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቤዝ ገዛ።

አዲሱ ግን የጅቡቲን ሙቀት አልቻለም፤ መቃኛው እየላላ አስቸገረው። መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። ጉዲና ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ አያስችለውም፤ መቃኛቸውን በደስታ ተለዋወጡ። ሰንብተው አንገቱን ቀያየሩ፣ ከዚያ ድምፅ መቀበያውን፣ በመጨረሻም እንጨቱን ራሱን። ባንቲሁን በተለዋወጡ ቁጥር «ይሄ ሞኝ ባይኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይላል።

ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ለሠርግ ተጠርተው ሲለማመዱ፣ ዘፋኟ ሙንተሃ ድንገት ዘፈኗን አቋረጠች።

«ባንቲሁን፣ ይሄ የድሮው ቤዝህ አይደል እንዴ? መልሰህ ገዛኸው?»

ጊታሩን ገልብጦ አየው። የገዛ ቀበቶው ዘለበት የጫረው ጭረት ጀርባው ላይ ቁጭ ብሏል። ቀና ሲል ጉዲና ያንን የሚያብረቀርቅ ቤዝ ታቅፎ፣ እሱም በሆዱ ሲስቅ እንደከረመ ሰው ፈገግ ብሏል።

ባንቲሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ድሮስ» አላት፣ «እንዲህ ያለ ቤዝ ይሸጣል?»