አምስት ሰው፣ ሁለት ጉባኤ

ገነነ ልብስ ሰፊ ነበር። ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ዘግቶ ሽማግሌዎቹን ሲያስር እሱም ሰባት ወር ታሰረ፤ ሲፈታ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ገባ። እዚያ ይመኙሻል የምትባል፣ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት አገኘ። እሷንም ያሰደዳት እምነቷ ነው። ሌሎች ሦስት ስደተኞች ተጨመሩና ዓርብ ዓርብ በገነነ ኪራይ ክፍል ይጸልዩ ጀመር። የቤቱ ባለቤት ኦብሲዬ ጅጅጋ ያደገች፣ አማርኛ የምትችል፣ ባሏ የሞተባት ሶማሌ ነበረች። የሚያደርጉትን እያወቀች ዝማሬው ከአጥር እንዳያልፍ ብቻ ለመነቻቸው።

ዘቢብ ዘፍዝፈው የጌታን እራት ሊወስዱ ሲሰናዱ ክርክር ተነሣ። ገነነ በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሉተራን ነው። ይመኙሻል ጴንጤቆስጤ ናት፤ አምኖ ውኃ ውስጥ ያልገባ አልተጠመቀም፣ ያልተጠመቀም ከማዕዱ አይቀርብም አለች። እሱ ደግሞ ዳግመኛ መጠመቅ የመጀመሪያውን መካድ ነው አለ። ወራት ተከራክረው አምስቱ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገነነና ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ኪዱ ጠዋት፣ ይመኙሻልና የቀሩት ሁለቱ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ። ኦብሲዬ አንዱ ወገን የሌላ አገር ሰው መስሏት ነበር።

በ1980 ግንቦት መጨረሻ የሶማሊያ መንግሥትና የአማፅያኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ ኪዱ ሞተ። ግቢው ውስጥ ቀበሩት፤ ያን ቀን ሁሉም አብረው ጸለዩ። ከይመኙሻል ጋር ይጸልዩ የነበሩት ሁለቱ ወደ ጅቡቲ አቀኑ።

ኦብሲዬ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ልትሸሽ ስትነሣ ይመኙሻል አብራት ለመሄድ ጓዟን ሸከፈች። ገነነ ግን የታሰረው እዚያው ነበርና አልሄድም አለ።

«እዚህ ብትቀር ትሞታለህ» አለችው ኦብሲዬ። «እዚያ የእህቴ ልጅ ነህ። አንተ ዝም በል፤ እኔ እናገራለሁ።»

ስድስት ቀን ተጓዙ። ድንበሩ ላይ አንድ ወታደር ገነነን ስሙን በአማርኛ ጠየቀው። ቋንቋውን እንደማያውቅ ሰው ኦብሲዬን ዞሮ አያት።

«መሀድ ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ነው» አለች።

ሐርትሼክ መጠለያ ሦስቱ አንድ ሸራ ሥር ገቡ። በሁለተኛው ዓርብ ይመኙሻል በእርዳታ ዱቄት ቂጣ ጋገረች። ጸለየችና ቆርሳ ለገነነ ዘረጋችለት።

«ስለ ጥምቀቱ ሐሳቤን አልለወጥሁም» አለችው።

«እኔም» አለና ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ አብረው ቆረሱ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ደርግ ሲወድቅ ገነነ በስሙ መጠራት ጀመረ። ኦብሲዬ ወደ ሐርጌሳ ስትመለስ ይመኙሻል ተከተለቻት፤ እሱ ጅጅጋ የስፌት መኪና ተከራይቶ ቀረ።