የግማሽ ሰዓቷ አውጫጭኝ

ከረጢቱ አልጋ ሥር ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ውስጡ አንድ ጋቢ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ሳሙናና በፌስታል የተቋጠረ በሶ አለ። ትርንጎ ያዘጋጀችው ለልጇ ለፍቅርተ ነው፤ ለመንገድ ግን አይደለም። «ሲወስዷት ባዶ እጇን እንዳትሄድ» ብላ ነው። ማን እንደሚወስዳት፣ ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም። ብቻ ክፉ ነገር ሳይታሰብ ከሚመጣ ታስቦ ቢመጣ ይሻላል ባይ ናት።

እንዲህ ነች ትርንጎ። ሰማይ ሲጠቁር በረዶ፣ ስልክ ሲጮህ ሬሳ ይታያታል። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ክርና ቁልፍ፣ ሻማና የባትሪ ድንጋይ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አላት። ባሏ አስማማው ከሞተ ወዲህ የምትኖረው የአንዲት ልጇን ትንፋሽ እያዳመጠች ነው። ምክሯም ያው አንድ ነው። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል።»

ፍቅርተ ግን እንጀራዋ መናገር ነው። በከተማዋ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ጠዋት ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት የአካባቢውን ማስታወቂያ ታነባለች። የማን በቅሎ እንደጠፋች፣ ማን እንደሞተና የት እንደሚቀበር፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ክትባቱ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ። የጉና ተራራ ሥር ገበሬ ያቺን ግማሽ ሰዓት ሳይሰማ ከቤት አይወጣም። ይህን ትርንጎ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የሬዲዮኑን ድንጋይ የምትሸጥለት እሷ ናት።

አሁን ግማሽ ሰዓቷ ልትቀር ነው። ከበላይ አዲስ የሚዲያ ፖሊሲ መጥቷል ተባለ። ጊዜው የስልክና የኢንተርኔት ስለሆነ ማስታወቂያው ሁሉ ወደ ጣቢያው የስልክ ገጽ ይዛወራል፤ በዚያ ሰዓት ሬዲዮው ከማዕከል የሚላክለትን ዝግጅት ያስተላልፋል። ፍቅርተ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ጉና ሥር እንኳን ኢንተርኔት፣ ለመደወልም ሰው ድንጋይ ላይ ይወጣል» አለች። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ከረጢቱም የዚያኑ ዕለት አልጋ ሥር ገባ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። ትርንጎ ሱቋን ከፍታ ሬዲዮዋን አበራች። ልጇ ስለ አንዲት የጠፋች ጥቁር ጊደር አነበበች። ጋፋት ውስጥ ስለሚፈጸም ቀብር አነበበች። ከዚያም ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ይህ የጠዋት ማስታወቂያ ይቅር አይቅር በሚለው ላይ ዛሬ ሦስት ሰዓት በከተማው አዳራሽ ስብሰባ አለ። ገበያ የመጣችሁ ሁሉ መግባት ትችላላችሁ» አለች።

የክሩ ጥቅል ከትርንጎ እጅ ወደቀና በሱቁ ወለል ላይ ተተረተረ። ስብሰባው በስልክ ገጹ ላይ ብቻ እንዲነገር፣ በሬዲዮ ግን እንዳይነበብ መታዘዙን ልጇ ትናንት ነግራታለች።

ፍቅርተ ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ እናቷ አሁንም ክሩን እየጠቀለለች ነበር።

«ምን በደልኩሽ ልጄ?»

«ምን አደረግሁ እማ?»

«በሬዲዮ አይነገር አላሉሽም?»

«አሉኝ። ስለ ሬዲዮ የሚደረግ ስብሰባ ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው አይነገር ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ስቄ ስጨርስ አነበብኩት።»

«ሳቂ አንቺ! ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

«ስንቁንማ አዘጋጅተሽ የለ? ከአልጋው ሥር አይቼዋለሁ። በሶው ግን ጨው በዝቶበታል፤ ቀምሼዋለሁ።»

ትርንጎ ልትስቅ ቃጥቷት ክሩን መጠቅለል ቀጠለች። ለልጇ ያልነገረቻት ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ሠራተኛዋ የሺ፣ መስመር ብቻ ያለበት ወረቀት ይዛ መጥታ፣ «ለስብሰባ ስም ልንይዝ ነው፣ ፈርሚልኝ» ብላት ነበር። የምን ስብሰባ ነው ብላ ልትጠይቅ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «የዚያች ደፋር እናት እሷም ደፋር ናት» እንዳይሏት ቶሎ ብላ ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ያ ወረቀት በሕልሟ ይመጣል።

አዳራሹ አርባ ወንበር ተዘርግቶበት፣ አርባ የታሸገ ውሃ ተደርድሮበት ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ገበያው ግማሹ ገባ። በትርና ጋቢ ያለው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ያልተሸጠ በግ በር ላይ ታስሮ ይጮኻል። ከጉና ሥር የመጡት አያ ትእዛዝ፣ የአስማማው አጎት፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ትንሿን ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

ከበላይ የመጡት ኃላፊ አቶ ደሞዜ ቁጣ የማያውቃቸው፣ ለስላሳ ሰው ናቸው። ትርንጎን የባሰ ያስፈራት ይኸው ልስላሴ ነው። ስለ ዘመኑ፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻም የወረቀት ክምር አነሡ።

«ዛሬ የተጠራነው ለመወሰን አይደለም። ሕዝቡ ቀድሞ ተወያይቶ ተስማምቷል። ፊርማው ይኸው። እንዲያውም» አሉና ፈገግ ብለው ፍቅርተን ተመለከቱ፤ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። «የማስታወቂያ አንባቢዋ እናት፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከፈረሙት አንዷ ናቸው። እናት የተስማሙበትን ልጅ ለምን ትቃወማለች?»

ፍቅርተ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አልተቆጣችም። እውነት ነው ወይ እንደሚል ሰው ብቻ አየቻት። ትርንጎ ጥፊ ብትቀምስ ይሻላት ነበር። ልጄን እንዳይነኩብኝ ብላ የሰጠችው ፊርማ ዛሬ ልጇን መምቻ ዱላ ሆኖ መጣ።

አያ ትእዛዝ ተነሡ።

«ጌታው፣ እኔ አልፈረምኩም። እንኳን ልፈርም ወሬውንም ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፤ እሱንም በዚችው ሬዲዮ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግማሽ ሰዓታችን ተሰርቃለች ማለት ነው። ከብት ሲሰረቅ እኛ አገር ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ?»

«አባቴ፣ ይህ የከብት ጉዳይ…»

«አውጫጭኝ ይደረጋል። አገር አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሁሉም በየተራ ተነሥቶ የሚያውቀውን ይናገራል፤ የደበቀ የተረገመ ይሁን ይባላል። ሌባው ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እኛም እዚሁ እንቀመጥና እንጠያየቅ። ግማሽ ሰዓታችንን ማን አሳልፎ ሰጣት?»

«ይህ አጀንዳችን ላይ የለም» አሉ አቶ ደሞዜ።

«እኛስ መች አጀንዳችሁ ላይ ነበርን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «በሩ ይዘጋ!» አለ፤ ሌላው «በጌስ?» አለ፤ «በግህም ቃሉን ይስጥ!» ተባለና እንደገና ተሳቀ። አያ ትእዛዝ ግን አልሳቁም። በትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ «ልጂቱ ትጻፍ» አሉ። ፍቅርተ እስክሪብቶዋን አነሣች።

ከፊተኛው ረድፍ ተጀመረ። «እኔ አልሰጠሁም፤ ሲሰጥም አላየሁም። በቅሎዬን በዚያች ሬዲዮ ነው ያገኘኋት።» ሌላዋ ተነሣች፤ «አልሰጠሁም። የልጄን ክትባት የሰማሁት በእሷ ነው።» ሌላው፣ «አልሰጠሁም። ስልክ አለኝ፤ ሰፈሬ ግን የሚሠራው መብራቱ ብቻ ነው።» ፍቅርተ እያንዳንዱን ቃል ትጽፋለች። ተራው በወንበር በወንበር እየተሳበ ወደ ትርንጎ መጣ።

ሁሉም ነገር ታያት። ልጇ ከሥራ ስትባረር ታያት፤ ሱቋ ሲታሸግ ታያት፤ ከረጢቱም ከአልጋ ሥር ሲወጣ ታያት። አሞኛል ብላ ልትወጣ ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ ሰው እንደ አጥር ቆሟል። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ወረቀቱ ስለ እሷ ይናገራል። ተናግሯልም።

ተነሣች። የፊቱን ወንበር ያዘች።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

የፍቅርተ እስክሪብቶ ቆመ።

«ጻፊው ልጄ፣ አትቁሚ። ፊርማው የእኔ ነው። ሳላነብ ፈረምኩ ብዬ አላመካኝም፤ የሚነበብ ነገር አልነበረበትም። መስመር ብቻ ነበር። ጽሑፉ የተጻፈው ከፊርማዬ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ልጄን ይጠምዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ነው ያሳደግኋት። ዛሬ ጎተራውን ከፍቼ ባየው ዝምታዬ ነቅዟል።»

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይረጋጉ…» አሉ አቶ ደሞዜ።

«ተረጋግቼማ ነው የፈረምኩት! አሁን ልናገር። ባሌ ሌሊት እዚሁ ከተማ ሐኪም ቤት ሞተ። ዘመዱ ሁሉ ጉና ሥር ነው። ስልክ ደወልን፣ የሚያነሣ የለም። ጠዋት ይህ ሬዲዮ ስሙን ጠራው። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አያ ትእዛዝ አገሩን አስከትለው ቁልቁል ወረዱ። ሬዲዮው ባይናገር ኖሮ አስማማውን ከአራት ጎረቤት ጋር ብቻ ሆኜ እቀብረው ነበር። እኔ ታዲያ ያቺን ግማሽ ሰዓት በአንድ ፊርማ ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ውርደት ይብቃኝ። ወረቀቱን ያምጡልኝ።»

«ሰነድ ነው እኮ፣ አይሰረዝም።»

«ሰነዱ የእናንተ ይሁን። ስሙ የእኔ ነው።»

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ማንም አላስቆማት፤ አቶ ደሞዜም ወረቀቱን ለመሸፈን እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ስሟን ፈልጋ አገኘችው። በልጇ እስክሪብቶ ሁለቴ አሰመረችበትና ከጎኑ «አልተስማማሁም» ብላ ጻፈች። ፊደሉ ጠመመ፤ ግን ይነበባል።

ያኔ የሺ ከኋላ ተነሣች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ወረቀቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ባዶ ነበር፤ እውነቷን ነው። ለእኔም ስም መያዣ ነው ብለው ነው የሰጡኝ። የተረገምኩ ከምሆን ተናገርኩ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? «የእኔንም!» «የእኔንም ሰርዙ!» እያለ የከተማው ሰው ወደ ጠረጴዛው ጎረፈ። አያ ትእዛዝ በትራቸውን አጋድመው፣ «በተራ! አውጫጭኝ ነው እንጂ ግርግር አይደለም» እያሉ ሰልፍ ያስይዛሉ።

ቀትር ሆነ። የሚወጣ ሰው ጠፋ። አቶ ደሞዜ አለቆቻቸውን ሊጠይቁ ስልካቸውን አወጡ፤ አዳራሹ ውስጥ አልሠራም። ወደ በሩ ሲሄዱ ሕዝቡ እንደ አክብሮትም እንደ ፌዝም አድርጎ መንገድ ለቀቀላቸው። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሡ። በመጨረሻ አጥሩ ሥር ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጡ። በመስኮት ከሚያያቸው ሕዝብ መሐል አንዲት የጉና ሴት፣ «እንኳን ደኅና መጡ ሰፈራችን!» ብላ ጮኸች።

ተመልሰው ሲገቡ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። «የፊርማው ነገር እስኪጣራ ድረስ ዝግጅቱ ባለበት ይቀጥላል» አሉ።

«ይጻፍ» አሉ አያ ትእዛዝ።

ፍቅርተ ጻፈች፤ አቶ ደሞዜም ፈረሙ። ሳይፈርሙ በፊት ግን ከላይ ያለውን ሁሉ አነበቡት።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ፣ ፍቅርተ ወደ ጣቢያው ልትወጣ ስትል እናቷ ከረጢቱን ከአልጋ ሥር ስትጎትት አገኘቻት።

«ተመስገን፣ ልትፈቺው ነው?»

«ማን ሊፈታ? እስኪጣራ ነው ያሉት። ‹እስኪጣራ› ሲሉሽ ጋቢ ያዢ።» ትርንጎ የራሷን ጋቢ አጣጥፋ ጨመረች። ካልሲም ጨመረች።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ። የሰረዝኩት እኔ፣ የተናገርኩት እኔ፤ አንቺን ብቻ ሊወስዱሽ ነው? ሂጂ አሁን፣ ሰዓትሽ ደርሷል። በሶውን ጨው ቀንሼ እሠራዋለሁ።»

ሱቋን ስትከፍት አንድ ገበሬ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ቆሞ ነበር። ሬዲዮዋን አበራች። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ለአፍታ ጸጥ አለ። ትርንጎ በለመደችው መንገድ ክፉውን ሁሉ አሰበች። ከዚያ የልጇ ድምፅ መጣ። ጥቁሯ ጊደር ተገኝታለች፤ ባለቤቷ መጥቶ ይውሰድ።

ገበሬው ድንጋዩን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል፣ «ቆይ፣ ስማ» አለችውና ሬዲዮዋን ከመደርደሪያው አውርዳ ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻት። ድምፁንም መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ከፍ አደረገችው።