የደም አስማተኛዋ ዝምታ

እህቴ ጠረጴዛው ላይ ዝም ስትል ማንም አይነካትም። ሕጉ ነው። ሕጉን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት።

የምንጫወተው ማቀዝቀዣ በሚጠግነው ጓደኛችን ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። በራቸው የተነቀለ ማቀዝቀዣዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጠረጴዛችን የተበላሸ ትልቅ ፍሪዘር ነው፤ ካርታው ክዳኑ ላይ ይዘረጋል፣ ዕድላችንን የምንጥልበት ባለቁጥር ዳይሱም እዚያው ይንከባለላል። ጨዋታውን የሚመራው ጠጋኙ ስለሆነ ተራኪው እንለዋለን። ዋሻውን፣ ጭራቁን፣ ንጉሡን የሚናገረው እሱ ነው፤ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እሱ በሚተርከው ዓለም ውስጥ እንሄዳለን። ሦስታችንም የመረጥነው አስማተኛ መሆንን ነው። "እንዴት ጎራዴ የሚይዝ አንድ ሰው ይጥፋ?" ብሎ ተራኪው ተነጫንጮ ነበር፤ የሰማው የለም።

አስማተኛ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የእኔው የመጽሐፍ አስማተኛ ነው። ያለውን ያገኘው በጥናት ነው፤ ጠዋት የሸመደደውን ድግምት በኋላ ሲፈልገው በቃሉ ይወጣዋል፣ አንድ ቃል ከሳተ እሳቱ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚፈራው መርሳትን ነው። ጠበቃ የምንለው ጓደኛችን የውል አስማተኛ ነው። በኑሮው ጫማ ሻጭ ነው፤ ጠበቃ ያልነው በሁሉም ነገር ስለሚከራከር ነው። የሱ ሰው ኃይሉን የተዋሰው ከመሬት በታች ከሚኖር አንድ ጌታ ስለሆነ በፈለገው ቁጥር መለመን አለበት። ያኔ ተራኪው ይነሳና ጭንቅላቱን ባዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ በሚያስተጋባ ድምፅ "ምን ትሰጠኛለህ?" ይላል። መጀመሪያ የሰማነው ጊዜ በሳቅ ፈርሰን ነበር። አሁን አሁን ግን ያ ድምፅ ሲመጣ ጠበቃ እግሩን ወንበሩ ስር ይሰበስባል።

እህቴ የደም አስማተኛ ናት። አልተማረችውም፣ ከማንም አልተዋሰችውም፤ አብሯት የተወለደ ነው። አትጠራውም፣ ራሱ ይመጣል። ሲመጣ ዐይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ትንፋሿ አይሰማም። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ኃይሉ ይበረታል። በመሃል የነካት ወይም የጠራት ሰው ካለ እሳቱ ወደ እሱ ይዞራል። ስትመለስ ያደረገችውን አታውቅም፤ "ምን አደረግኩ?" ብላ ትጠይቃለች፣ ተራኪውም ይነግራታል። በሩን አቀለጥሽው፤ ወንዙን አቆምሽው። ከሁላችንም ጨዋታ የእሷ ያምር ነበር። እንዲህ መተወን ከየት ተማረችው እያልኩ ቤት ገብቼም አስበው ነበር።

ልጅ ሳለች ሕመም ነበረባት። ሰው እያናገራት ጥፍት ትላለች። ዐይኗ እንደተከፈተ የቀኝ እጇ አውራ ጣት ተሻግሮ የግራ እጅጌዋን ቁልፍ ያሻል፤ ከዚያ ትመለስና "ምን አላችሁ?" ትላለች። አንዳንዴም ትወድቅ ነበር። መድኃኒቱ ሲያሽላት ጊዜ "ተወኝ እኮ" አለችና ሐኪም ቤት መመላለሱን አቆመች። አሁን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። እማዬ ግን ከቤት በወጣን ቁጥር ወደ ጎን ትስበኝና "ዐይንህ ከእሷ እንዳይነቀል" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በተራኪው ዓለም ውስጥ፣ ድልድይ ላይ ነበርን። ማዶ ላይ ጭራቁ ቆሞ ይጠብቀናል፤ የእህቴ ተራ ነው። ዳይሱን በእጇ እንደያዘች ዝም አለች።

"መጣባት" አለ ጠበቃ በሹክሹክታ። "ዛሬ ያንን ጭራቅ ከመሆን ይሰውረኝ።"

ዳይሱ ከእጇ ወደቀ። ክዳኑ ላይ ተንከባለለና መሬት ወርዶ የተከመሩት ሞተሮች ስር ገባ። ዘወር ብላ አላየችውም። ጣቶቿ አሁንም ዳይስ እንደጨበጡ ናቸው። ከዚያ ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ወደ ግራ ተሻገረ፣ አውራ ጣቷ የእጅጌዋን ቁልፍ አገኘና ያሸው ጀመር።

ይህን እጅ ከልጅነቷ አውቀዋለሁ።

ተራኪውን አየሁት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በዐይኑ "ተው" አለኝ። ብነካትና እየተጫወተች ቢሆንስ? እንደ በሽተኛ ከሚያያት ሰው ጋር አትነጋገርም፤ አክስታችንን እንኳ ስንት ጊዜ አኩርፋታለች። ባልነካትና እየተጫወተች ባይሆንስ?

"እቴ" አልኳት።

"ተቃጠልክ፣ አለቀልህ" አለ ጠበቃ እየሳቀ። "አይዞህ፣ አመድህን በፌስታል ሰብስበን ለእናትህ እናደርስልሃለን።"

እህቴ አልተቆጣችም። ያስፈራኝም ይሄው ነው። ሌላ ጊዜ ሕጓን ስንጥስባት ዐይኗን ሳታንቀሳቅስ በጠረጴዛው ስር በእግሯ ትመታን ነበር። አሁን ምንም የለም። አፏ ባዶውን ሆኖ ሳለ ከንፈሯ እንደሚያላምጥ ሰው ይንቀሳቀሳል። ጠበቃ ሳቁን ዋጠ።

"ዛሬስ አበዛችው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ዐይኗ ተመለሰ። በየተራ አየችንና "ምን አደረግኩ?" አለች።

ተራኪው ጉሮሮውን ጠረገ። "ድልድዩን ከነጭራቁ አቃጠልሽው። ወንድምሽም ለብለብ ብሏል።"

"ደግ አደረግኩ፤ አርፎ አይቀመጥም" አለች።

ሁለቱ ሳቁ። እኔ ቁልፉን እያየሁ ነበር። አትንኩኝ፤ አትጥሩኝ፤ ስመለስ ያደረግኩትን ንገሩኝ። ሕጉን ለምን እንዳወጣችው ያኔ ገባኝ። ጥፍት ስትል ሰው የማያዝንላት፣ ይልቅ የሚደነቅላት እዚህ ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው። እኛም አፋችንን ከፍተን ስንደነቅላት ከርመናል። የትኛው ዝምታ ጨዋታ እንደነበረ፣ የትኛው እንዳልነበረ አሁን ማን ይነግረኛል?

ወደ ቤት ስንሄድ "ዳይሱ የት አለ?" አልኳት።

ኪሷን ዳበሰች። "ለተራኪው መልሼለታለሁ።"

"ሞተሮቹ ስር ነው ያለው። ከእጅሽ ወድቆ ነው የገባው።"

መራመዷን ቀጠለች። የጫማ ጠጋኙን ደጅ፣ የዳቦ ቤቱን ሰልፍ አለፍን።

"እቴ፣ ፋብሪካ መቁረጫው ማሽን ላይም ይመጣብሻል?"

ቆመች። "አንተ ልጅ፣ ከዚያ ማሽን ለመድረስ ከወለል ላይ ክር ስለቅም ስንት ዘመን እንደኖርኩ ታውቃለህ? እዚያ መጥቶብኝ አያውቅም። ቢመጣ አውቀው ነበር።"

"በምን ታውቂዋለሽ? ጓዳው ውስጥ እንኳ የምንነግርሽ እኛ ነን።"

የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ለእማዬ ትንፍሽ ብትል ወንድም የለኝም።"

በማግስቱ ጠዋት የብረት ምሳ ዕቃዋን ከቦርሳዋ ውስጥ በድብቅ አወጣሁት። ረፈድ ሲል ይዤው ፋብሪካው ሄድኩና ለዘበኛው "እህቴ ምሳዋን ረስታ" አልኩት። ሌላ መግቢያ ሰበብ አልነበረኝም።

የመቁረጫው ክፍል ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይንሳፈፋል። ኃላፊዋ ሜትር አንገቷ ላይ የጠመጠመች ወፍራም ሴትዮ ናት። "እዚህ ቁም የኔ ልጅ" አለችኝ። "ቢጫዋን መስመር እንዳታልፍ፤ ያ ምላጭ ዘመድ አይለይም።"

ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን ብረት ነው፤ ሲዞር የቆመ ይመስላል። እህቴ የተደራረበውን ጨርቅ በጠመኔ የተሠመረውን ተከትላ ትገፋለታለች፤ ግራ እጇ በአንድ በኩል፣ ቀኝ እጇ በሌላ በኩል፣ ምላጩ በመሃል። ግራ እጇ ላይ የብረት ጓንት አለ። ቀኙ ባዶ ነው። እንዴት ታምር ነበር። ጨርቁ ከፊቷ እንደ ውሃ ይከፈል ነበር።

እጇ ቆመ።

መስመሩን እያየች ይሆናል አልኩ። ቆራጭ ቆም ብሎ መስመር አያይም እንዴ? ዐይኗ ግን ጠመኔው ላይ አልነበረም። ብጣራ አትሰማኝም፤ ከሰማችኝም ትደነግጣለች። ብነካት እጇ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። የራሷ ሕግ እዚህ እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። ምን ይደረጋል፣ ድሮ ሐኪሙ ለእማዬ ምን ነበር ያላት? የመጽሐፍ ሰው ነኝ ባዩ፣ አንዲት ቃል አልመጣልኝም።

ቀኝ እጇ ከጨርቁ ላይ ተነሳ። ወደ ግራ እጅጌዋ፣ ወደ ቁልፉ ሊሻገር ነው። በመሃል ምላጩ አለ።

ቢጫዋን መስመር እንዴት እንዳለፍኳት አላስታውስም። ማሽኑ እግር ላይ ያለውን ቀይ መዝጊያ በጉልበቴ መታሁት፤ ምላጩ ግን ወዲያው የሚቆም አልሆነም፣ እያፏጨ ይዞራል። እሷን አልነካኋትም። ምሳ ዕቃውን በእጇና በምላጩ መሃል ከተትኩት። ብረት በብረት ላይ ጮኸ፤ ጩኸቱ እጄን አልፎ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ምላጩ ዝግ አለ፣ ቆመ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። የእህቴ ጣቶች የምሳ ዕቃውን ጎን ያሻሉ፤ ቁልፍ ይፈልጋሉ።

ብዙ ቆየች። ዐይኗ ሲመለስ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

"ምን አደረግኩ?" አለች።

ተራኪው ቢሆን ያማረ ነገር ይነግራት ነበር። "ምሳ ዕቃሽን ቆረጥሽው" አልኳት።

ክዳኑ እስከ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቋል። ጣቷን ስንጥቁ ላይ አደረገች፣ ወዲያው መልሳ ጣቷን ራሱን አየችው። ኃላፊዋ እየሮጠች ደረሰች። "ምንድን ነው እሱ? ማነው ማሽን የዘጋው?"

እኔ አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ። "እትዬ፣ ከዚህ ማሽን አንሺኝ። ሕመም አለብኝ።"

"ሕመም? ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ታነሺኝ ነበራ።"

ኃላፊዋ የብረት ጓንቱን ከእህቴ እጅ ላይ ራሷ አወለቀችላት፣ ለሕፃን ልጅ እንደሚወለቅ፣ በየጣቱ።

ለእማዬ የነገረቻት ራሷ እህቴ ናት፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት አዘዘላት፤ እስኪስማማት ጊዜ ይፈልጋል አለ። አሁን የምትሠራው ልብስ ማጠፊያው ጋ ነው፤ ስለ ሥራዋ አታወራም። ወደ ጓዳው ግን ተመልሳ መጣች። ከመቀመጧ በፊት ሁሉንም ነገረቻቸው። ተራኪው ሞተሮቹን አንስቶ ዳይሱን አውጥቶ በሸሚዙ ጠርጎ ሰጣት።

"ሕጉ ተለውጧል" አለች። "እየተጫወትኩ ከሆነ በጣቴ ክዳኑን እመታለሁ። ጣቴ ካቆመ ጨዋታው ቆሟል። ሹል ነገር ከአጠገቤ አንሱ፤ ከወደቅኩ በጎኔ አስተኙኝ፤ አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ እስክመለስ አጠገቤ ሁኑ።"

"ጣትሽ ደክሞት ቢያርፍስ?" አለ ጠበቃ። "ይሄ ውሉ ላይ በግልጽ መቀመጥ አለበት።"

"ደክሞትም ቢያርፍ ጨዋታው እንደቆመ ቁጠሩት።"

"እሺ። ተስማምቻለሁ።" ጠበቃ ከአንድ ጥያቄ በላይ ሳይከራከር ሲስማማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የተዘጋ በር ፊት ቆመናል። የእህቴ ተራ ነው። ዝም ብላለች፤ ዐይኗ ካርታው ላይ ተተክሏል። የሚሰማው ጣቷ ብቻ ነው፣ የፍሪዘሩን ክዳን ይመታል። ያርፋል። ይመታል። ባረፈ ቁጥር እኔ ማሽኑ ፊት ነኝ። እጄን ከእጅጌዋ አጠገብ አድርጌ፣ ሳልነካት፣ ቀጣዩን ምት እጠብቃለሁ።

መታ።